የቦምቤይ ውሎና የጋይንት መንገድ



የትምህርት ክፍላችን የዘንድሮውን ሕዝባዊ ንግግር ከግቢ አውጥቼ እዚህ፣ በተወለድኩበት ከተማ እንዳቀርበው ሲጠይቀኝ ደስም አለኝ፤ ፈራሁም። በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ስለ ጋይንት የሚናገርን ሰው ደፍሮ የሚያርመው የለም። እዚህ ግን ከፊት ወንበር የተቀመጡት አባቶች ጨጨሆን በእግራቸው ወጥተው የወረዱ ናቸው። ስሳሳት አርሙኝ፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

ከርእሴ እንደምትረዱት ንግግሬ የሚነሣው ከሩቅ፣ ከህንድ የባሕር ዳርቻ ነው። ነገሩ ሲጀመር ጥናት አልነበረም፤ ከጓደኞቼ ጋር ለመዝናናት ወጥቼ የዋልኩት የአንድ ቀን ውሎ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን ያየሁት ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎ፣ ስለ ገዛ አገሬ የማውቀውን ታሪክ ከሌላኛው ጫፉ እንዳየው አስገደደኝ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ የፈረንጁን ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር ፑኔ በምትባለው የህንድ ከተማ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርሁ። ፑኔ በዚያ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ይማሩባት ነበር። ሥራ በቀለለበት ሰሞን አንድ ዓርብ አራት ሆነን ወደ ሙምባይ፣ በቀድሞ ስሟ ወደ ቦምቤይ፣ ለመውረድ ተስማማን። አንደኛው የሞጣ ተወላጅ መሐንዲስ ነው። ሁለተኛው የእስቴ ልጅ ሲሆን የእንስሳት ሐኪም ነው። ሦስተኛው ከእኔ ጋር ታሪክ የሚያጠና የፑኔ ተወላጅ ህንዳዊ ነው። ሞጣና እስቴ የዐባይ ማዶ ለማዶ አገሮች ናቸውና ሁለቱ ጓደኞቼ መንገዱን ሁሉ ሲተራረቡ ሄዱ። ሁለቱም ዐባይን እንጂ ባሕርን በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር፤ ዓላማችንም ባሕር ማየት ብቻ ነበር።

ባቡሩ ማለዳ ከፑኔ ሲነሣ ምድሩ እንደ እኛ ደጋ ሜዳ ነው። ትንሽ እንደ ሄዱ ግን መሬቱ በድንገት ያልቃል። የደከን አምባ ወደ ዐረብ ባሕር የሚወርድበት ገደል ነው፤ ቦር ጋት ይሉታል። ሐዲዱ ዋሻ ለዋሻ፣ ድልድይ ለድልድይ እያለ ገደሉን ይወርደዋል። መስመሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1863 ሲሆን በሥራው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በበሽታና በአደጋ አልቀዋል። የሞጣው መሐንዲስ ፊቱን ከመስኮቱ ላይ ለጥፎ፣ «ይኸውልህ ጨጨሆህ! ህንዶቹ በባቡር ወረዱት» አለኝ። ሳቅን። ያን ጊዜ ቀልድ ነበር።

ሙምባይ ስንደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ የእስቴው ጓደኛዬ ይጾማል። ህንድ ለጾመኛ የምትመች አገር ናት፤ ሥጋ የሌለበት ምግብ በየማዕዘኑ አለ። የጾመኛ ፈተናው ሻይ ነው፤ ውኃውና ወተቱ አብረው ስለሚፈሉ። ሻይ ሻጩ ወተት እንዳይኖረው ሦስት ጊዜ ከተነገረው በኋላ ወተቱን በጥቂቱ ብቻ ቀንሶ አቀረበለት፤ ጓደኛዬም ለእኔ አሳለፈልኝ። ቁርሳችን የተጠበሰ ድንች በዳቦ ውስጥ ነበር። የጋይንት ልጅ የትም ቢሄድ ከድንች አያመልጥም።

ከባቡር ጣቢያው ወደ ደቡብ የሚወስደው ሰፊ ጎዳና በዳዳብሃይ ናኦሮጂ ስም ይጠራል። ጎዳናው ሲያልቅ፣ ፍሎራ ከምትባለው ፏፏቴ አጠገብ፣ የእኚሁ ሰው ሐውልት አለ፤ ጢማቸው ረጅም፣ ተቀምጠው የሚያስቡ ሽማግሌ። እኔ ሐውልቱን አይቼ ላልፍ ነበር። ህንዳዊው ጓደኛችን ግን እጄን ያዝ አድርጎ፣ «ይህን ሰው አንተ ልታውቀው ይገባል፤ ስለ አገርህ ጦርነት ተናግሯል» አለኝ።

በዚያ ጥላ ሥር ቆመን የነገረንን፣ ኋላም በቤተ መጻሕፍት ያረጋገጥሁትን ልንገራችሁ። ናኦሮጂ እ.ኤ.አ. በ1825 በቦምቤይ የተወለዱ፣ በኤልፊንስተን ኮሌጅ ሒሳብ ያስተማሩ ምሁር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1892 ለእንግሊዝ ፓርላማ ተመርጠዋል። ከዚያ ከ25 ዓመት በፊት፣ በኅዳር 1860 ዓ.ም.፣ ሎንደን ውስጥ በምሥራቅ ህንድ ማኅበር ስብሰባ ላይ የአቢሲንያ ጦርነት ወጪን የሚመለከት ጽሑፍ አነበቡ። ክርክራቸው ግልጽ ነው፤ ጠቡ በእንግሊዝ መንግሥትና በአፄ ቴዎድሮስ መካከል ሆኖ ሳለ፣ ህንድ በነገሩ ምንም ሳይኖርባት የወታደሮቹ ደመወዝ ከድሃው የህንድ ገበሬ ግብር ሊከፈል አይገባም የሚል ነው። ፓርላማው ግን ተጨማሪውን ወጪ እንግሊዝ፣ መደበኛውን ደመወዝ ህንድ ትክፈል ብሎ ወሰነ።

እኔ የመቅደላን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በዩኒቨርሲቲም አስተምሬዋለሁ። በአእምሮዬ የነበረው ሥዕል አንድ ንጉሥና አንዲት ንግሥት የተጣሉበት ነበር። ማን ከፈለ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያንን ጥያቄ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር የጠየቀ ሰው እንደ ነበረ፣ ሐውልቱም በእርግብ ተከብቦ እዚህ እንደ ቆመ ሳውቅ አፈርሁ።

ለተማሪዎቻችን የነገሩን መነሻ በአጭሩ ላስታውስ። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ሳያገኙ ቀሩ። በዚህ ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። ሊያስፈታ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም በ1858 ዓ.ም. ደርሶ እሱም እስረኛ ሆነ። በነሐሴ 1859 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ለመላክ ቆረጠ። ጦሩ የሚነሣው ግን ከእንግሊዝ አገር አልነበረም። የሱዌዝ ቦይ ገና አልተከፈተም፤ ለቀይ ባሕር ቅርቡ የጦር ኃይል የቦምቤዩ ነበር። አዛዡም የቦምቤይ ጦር አለቃ ሰር ሮበርት ናፒየር ሆነ።

ቀኑን ሙሉ ከተማዋን ስንዞር ታዲያ ዓይኔ ተለወጠ። በየሕንፃው ፊት ቆሜ፣ ይህ በ1860 ነበር ወይስ አልነበረም እያልሁ እጠይቅ ጀመር። ጓደኞቼ ተሰላቹብኝ። ያ ሁሉ ሰው የሚያደንቀው ታላቁ የባቡር ጣቢያ አልነበረም፤ የተጀመረው ከመቅደላ አሥር ዓመት በኋላ ነው። የፍሎራ ፏፏቴ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1864 የተሠራች ናት። ዓምዶቹ የግሪክን ቤተ መቅደስ የሚመስሉት የከተማው አዳራሽም በ1833 እ.ኤ.አ. የተሠራ ስለሆነ ነበረ፤ በደረጃው ላይ ተቀምጠን ብርቱካን በላን። የጥንቱ ምሽግ ግንብ በዚያ ዓሥርት ዓመት ነበር የፈረሰው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጥጥ ተወድዶ ቦምቤይ በገንዘብ ተጥለቀለቀች፤ ጦርነቱ ሲያበቃ በ1865 እ.ኤ.አ. ነጋዴው ሁሉ ከሰረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአቢሲንያ ዘመቻ ሲታወጅ ለዚያች ወደብ ምን ዓይነት ሲሳይ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። መርከብ የሚያከራየው፣ ከረጢት የሚሰፋው፣ መኖና ሩዝ የሚያቀርበው ሁሉ ሥራ አገኘ።

ከቀትር በኋላ ወደ ባሕሩ ወረድን። የህንድ በር በሚባለው ትልቅ ቅስት አጠገብ ቆመን ጓደኞቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር አዩ። የእስቴው ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎም፣ «ማዶ የለውም» አለ። የዐባይ ልጅ ናቸው ብያችኋለሁ፤ ውኃ ሲያዩ ማዶውን ነው የሚፈልጉት። እኔ ግን ማዶው የት እንደ ሆነ አውቅ ነበር።

ቅስቱ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ከፊቱ ያለው ወደብ ግን ያው ነው። ለዘመቻው ወደ 13,000 ወታደር ተጫነ፤ አብዛኛው ህንዳዊ ነው። የፑንጃብ፣ የባሉቺ፣ የሲንድ ሰዎች፣ የቦምቤይና የማድራስ መሐንዲስ ወታደሮች ነበሩ። ወታደር ካልሆነው አገልጋይ፣ በቅሎ ነጂና ተሸካሚ ጋር ቁጥሩ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ከዙላ ወደብ ወደ ተራራው ግርጌ የሚዘረጋ የባቡር ሐዲድ ከነባቡሩ ተጫነ። 44 ዝሆኖችም ተጫኑ፤ ሥራቸው የአርምስትሮንግ መድፎችን በጀርባቸው መሸከም ነበር። ይህን ስናገር የእንስሳት ሐኪሙ ከዝምታው ነቃ። አንድ ዝሆን በቀን ከ100 ሊትር በላይ ውኃ እንደሚጠጣ ነገረንና፣ ውኃ በሌለው በዙላ በረሃ ምን አጠጧቸው ሲል ጠየቀ። መልሱ የባሕር ውኃ አፍልቶ ጨውን የሚለይ መሣሪያ በመርከቦች ላይ ተተክሎ ነበር የሚል ነው። በቅሎዎቹ ግን ያን ያህል እንኳ ዕድል አላገኙም፤ ከብዙ አገር ተገዝተው ዙላ ላይ በጥማትና በበሽታ እንደ ቅጠል ረገፉ። ጓደኛዬ የሰዎቹን ቁጥር ሰምቶ ያልደነገጠውን ያህል በበቅሎዎቹ አዘነ። አልፈረድሁበትም። ቁጥር ሲበዛ ሐዘን የሚይዘው ያጣል፤ በቅሎ ግን ያውቃል።

ህንዳዊው ጓደኛችን በበኩሉ አንድ ነገር አሳየን፤ ማሳየት ካልሁት፣ አሁን የሌለ ነገር ነው። በዚያ ወደብ ላይ ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ ሁለት የብረት ለበስ የጦር መርከቦች ከተማዋን ይጠብቁ ነበር። የአንደኛዋ ስም «አቢሲንያ»፣ የሁለተኛዋ «መቅደላ» ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቦምቤይ ዓሣ አጥማጅ በየማለዳው መረቡን ሲጥል መቅደላን ያያት ነበር ማለት ነው። የእኛ አገር ሰው ባሕር ሳያይ፣ ስሙ ባሕር ላይ ቆሞ ዘብ ይጠብቅ ነበር።

በዚያ ወደብ በኩል የመጣውና የሄደው ጦር ብቻም አልነበረም። ከጦርነቱ በፊት የወርቄ ልጆች መርጫና ገብሩ በቦምቤይ በስኮትላንዳዊው ሚስዮናዊ በጆን ዊልሰን ዘንድ ተምረዋል፤ መርጫ ኋላ የአፄ ዮሐንስ አስተርጓሚና መልእክተኛ ሆነዋል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ አንድ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን አለ። የጎንደር ልጅ ነው፤ መቅደላ ላይ ያለ ወላጅ ተገኘ፤ አንድ ኮሎኔል ይዞት ወደ ህንድ ተሻገረ። በፑንጃብ አደገ፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፤ አማርኛን ፈጽሞ ረሳ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ ዘመዶቹ በሰውነቱ ምልክት ለዩት። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ማለቴ ነው። ስለ ልዑል ዓለማየሁ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተለቅሷል። የዚህ ሕፃን ጉዞ ግን ወደ ዊንድሶር ሳይሆን ወደ ህንድ ስለ ነበረ፣ የመቅደላን መንገድ ከቦምቤይ ጋር አያይዤ እንዳስብ ያደረገኝ እሱ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በምዕራቡ ዳርቻ ባለው የባሕር ጎዳና ላይ ተቀመጥን። ከተማው ሁሉ እዚያ ነው የሚያመሸው፤ የተጠበሰ በቆሎ በሎሚና በበርበሬ ታሽቶ ይሸጣል። እኔም ደብተሬን አውጥቼ ሁለት መስመር ሣልሁ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ያ ሥዕል ነው።

አንዱ መስመር ከደብረ ታቦር ይነሣል። በመስከረም ማለቂያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጥለው ወጡ። ግዛታቸው ደብረ ታቦርና መቅደላ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የቀረው አገር ሁሉ ሸፍቷል። ከእሳቸው ጋር በጋፋት የተሠሩ መድፎች አሉ፤ ትልቁ ሴባስቶፖል ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። ሁለተኛው መስመር ከቦምቤይ ይነሣል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. የቦምቤይ ቀዳሚ ጦር ዙላ ላይ አረፈ። ናፒየር ራሱ በታኅሣሥ 12 ቀን ከቦምቤይ ተነሥቶ በታኅሣሥ 24 ዙላ ደረሰ። ሁለቱም መስመሮች መጨረሻቸው መቅደላ ነው።

ታዲያ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የሄዱት በየት በኩል ነው? በዚሁ በደጃችን። በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዘቢጥ፣ በቤተ ሖር፣ ከዚያ በጂዳ ገደልና በደላንታ። ናኦሮጂ ሎንደን ላይ ስለ ወጪው ሲናገሩ፣ ሴባስቶፖል በዚህ ደጋ ጭቃና ድንጋይ ላይ በጠፍር እየተሳበ ነበር። ከዚህ ወደ ወልድያ በመኪና ስንሄድ ጨጨሆ ላይ ሁላችንም ዝም እንላለን፤ አሮጊቶች ያማትባሉ። ያን ገደል ሰባት ቶን ብረት ይዞ የወረደ ሰው ነበረ።

መሐንዲሱ ጓደኛዬ ደብተሬን ነጥቆ ማስላት ጀመረ። ጋሪ የሚሄድበት መንገድ የእግረኛ መንገድ አይደለም፤ ስፋት ይፈልጋል፤ ቁልቁለቱ ሲበረታ ጋሪው ሰውን ይጨፈልቃልና መጠምዘዝ አለበት። አለት በባሩድ ይፈነዳል፤ ቦረቦሩ በድንጋይና በቅጠል ይሞላል። ይህን ሁሉ የሠሩት ወታደሩና የተከተለው ሕዝብ ናቸው። ንጉሡም ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ እንደ ነበር ያዩዋቸው አውሮፓውያን መስክረዋል። መንገዱ ወደ ስድስት ወር ፈጀ፤ በመጋቢት መቅደላ ሥር ደረሱ። «ማን ነው መሐንዲሱ?» አለኝ ጓደኛዬ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው አልሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ የሙያ ሰው አድናቆቱን የሚገልጸው እንዲህ ነው።

አሁን ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ብዙ ሰው መቅደላ ላይ ነው የተገናኙት ይላል። አይደለም። የቦምቤዩ ጦር በሰንዓፌ፣ በአንታሎ፣ በአሸንጌ አልፎ፣ በላስታ በኩል ወደ ዋድላ ደጋ ሲወጣ ቤተ ሖር ላይ አንድ ሰፊ መንገድ አገኘ። ቴዎድሮስ የሠሩት መንገድ ነው። የፑንጃብ እግረኛ፣ የቦምቤይ ዝሆን፣ የአርምስትሮንግ መድፍ ወደ ጂዳ ገደል የወረዱትና ወደ ደላንታ የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። የእንግሊዝ መኮንኖች የሥራውን ጥንካሬ አድንቀው ጽፈዋል። የበጌምድር ሰው ላቡን ያፈሰሰበት መንገድ ጠላቱን ተሸክሞ ወደ ንጉሡ አደረሰው። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዓርብ፣ እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ከዚያ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከግምጃ ቤቱ የተዘረፈው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ በቆሎውን አስቀመጡት። ህንዳዊው ጓደኛችን፣ «ዝሆኖቹ የእኛ ነበሩ» አለ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። ዝሆን ምን ያደርግ፣ በቅሎስ ምን ታድርግ አልነው።

እስካሁን የተናገርሁት ለቴዎድሮስ የሚያስለቅስ ነው። የሚከብደው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው፤ በጋይንት ምድር ቆሜ ካልተናገርሁትም የታሪክ ሰው አይደለሁም። የቦምቤዩ ጦር ቪየና የተሠራ የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር በሣጥን ጭኖ መጣ። ለትግራይና ለላስታ ገበሬ የገብሱን፣ የሣሩን፣ የእንጨቱን ዋጋ ከፈለ። የቴዎድሮስ ጦር ግን የሚከፍለው አልነበረውም፤ የሚበላውን ከገበሬው ጎተራ ይወስድ ነበር። ያ ዘመን በጌምድር የተመዘበረበት፣ መንደር የተቃጠለበት ዘመን ነው። ባዕዱ ከፍሎ አለፈ፤ የራሳችን ንጉሥ ሳይከፍል አለፈ። የላስታ ገበሬ እህሉን ለባዕድ ሲሸጥ፣ የበጌምድር ገበሬ እህሉን ከንጉሡ ሲደብቅ ከዳተኛ ነበሩ ለማለት የሚደፍር ካለ፣ እሱ የረሃብን ክረምት የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ቴዎድሮስን እወዳለሁ፤ አያቴም ይወዳቸው ነበር። ነገር ግን ያው አያቴ ስለ እሳቸው ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ጠገራው ለጋስ ያደርጋቸዋል ማለቴ ግን አይደለም። ጦርነቱ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል፤ ከፊሉን የከፈለው የደከን ገበሬ መሆኑን ናኦሮጂ ነግረውናል። አንዱ ገበሬ የከፈለው ግብር ሌላውን ገበሬ ደስ አሰኘ። በመጨረሻም ናፒየር ለመተላለፊያው ውለታ ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ትቶ ሄደ፤ ያ መሣሪያ ከሦስት ዓመት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጣለ። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ ላይ አልገባበትም።

የዚያ ምሽት የመጨረሻ ጨዋታችን ስለ መዝገብ ነበር። የቦምቤዩ መስመር ተጽፏል። ሻለቃ ሆላንድና ሻምበል ሆዚየር ያዘጋጁት የዘመቻው መዝገብ በ1870 እ.ኤ.አ. ሎንደን ላይ በሁለት ቅጽ ታትሟል፤ መርከቡ፣ በቅሎው፣ ከረጢቱ፣ ሐዲዱ ሁሉ አለበት። የጦሩ መሐንዲሶችም ፎቶግራፍ አንሥተዋል። የእኛ መስመርስ? የደብተራ ዘነብ ዜና መዋዕል ወደዚህ ዘመን አይደርስም። የአለቃ ወልደ ማርያም ይደርሳል፤ ሆኖም ዓይኑ ንጉሡ ላይ ነው። የቀረውን የጻፉት እስረኞቹና የጋፋት ሠራተኞች የነበሩ አውሮፓውያን ናቸው፤ እንደ ራሳም፣ እንደ ሐኪም ብላንክ፣ እንደ ቫልድማየር። ሴባስቶፖልን የሳበው ሰው ከየትኛው መንደር መጣ? በጨጨሆ ላይ ማን ተጨፈለቀ? ስንት ጎተራ ተከፈተ? ለህንድ ገበሬ ናኦሮጂ ጠየቁለት። ለጋይንት፣ ለስማዳ፣ ለእስቴ ገበሬ የጠየቀለት የለም።

የመጨረሻው ባቡር ሊነሣ ሲል ሮጠን ያዝነው። ቦር ጋትን በጨለማ ወጣነው። መሐንዲሱ ጓደኛዬ እንቅልፍ ወስዶት ስለ ነበር ጨጨሆውን አላየውም። ደብተሬ ግን በእሱ ስሌት ተሞልቶ ነበር፤ የቁልቁለቱ መጠን፣ የጠመዝማዛው ስፋት፣ ለአንድ ቀን ሥራ የሚያስፈልገው ሰው። ያ ገጽ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ በመግቢያው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ከካርታው ጋር ተቀምጧል።

ከዚህ ንግግር በኋላ ስለምንጀምረው ሥራ ሁለት ቃል ልበል። ከተማሪዎቻችን ጋር ከንፋስ መውጫ እስከ ቤተ ሖር ድረስ በእግር ለመሄድ አስበናል። የምንፈልገው የተፈነዳ አለት፣ የተካበ ድንጋይ፣ ዛሬ ከብት የሚሄድበት ሆኖ ለከብት መንገድ ግን ከሚገባው በላይ የሰፋ ቦታ ነው። ከአስፋልቱ በታች የቀረ አለ፤ በእርሻ የተበላም አለ። እንዲህ ያለ ቦታ በማሳችሁ ዳር የምታውቁ፣ ወይም ከአያቶቻችሁ የሰማችሁ፣ ስማችሁንና ቀበሌያችሁን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ላሉት ተማሪዎች ንገሩልኝ። ስለ ጨጨሆ የተናገርሁት ስሕተት ካለበትም፣ ከፊት ከተቀመጡት አባቶች እንጀምር። እሺ አባባ፣ እጅዎን አይቻለሁ፤ ይናገሩ።